የአክሽን ፊልም ሙዚቃ፦ ዜማ ያስፈልገዋል ወይስ ምት ይበቃዋል?

ማጀቢያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ኢ.ቲ. የተባለውን ፊልም የመጨረሻ ማሳደድ ሙዚቃ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። ፊልሙን አልከፈትኩም፣ ድምፁን ብቻ ነው። ልጆቹ በብስክሌት ሲሸሹ ኦርኬስትራው አብሯቸው ይሮጣል፣ ከዚያ ብስክሌቶቹ ከመሬት ሲነሱ ቫዮሊኖቹ በሙሉ ያንን የበረራ ዜማ ይዘው ይነሳሉ። ፀጉሬ ቆመ። ቀጥሎ ከቅርብ ዓመታት ፊልሞች የአንዱን የውጊያ ሙዚቃ ከፈትኩ። ከበሮው ደረቴን መታኝ፣ ወደድኩትም፣ ሲያልቅ ግን አፌ ላይ የቀረ ነገር የለም። አንዲት መስመር እንኳ ማንጎራጎር አልቻልኩም። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ የአክሽን ሙዚቃ ዜማ ያስፈልገዋል ወይስ ምት ይበቃዋል? እኔ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ስትመልሱ «አሪፍ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የምትወዱትን አንድ ቅጽበት ይዛችሁ ኑ፣ የትኛው መሣሪያ ምን ሲያደርግ እንደሆነ ንገሩን።

ቲምፓኒ፦
ማንጎራጎር መለኪያ መሆኑ አይዋጥልኝም። ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ማን ያንጎራጉራል? የኔ ቅጽበት ደንከርክ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2017፣ የሙዚቃው ደራሲ ሐንስ ዚመር። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን የገዛ ሰዓቱን ቲክ ቲክ ቀድቶ ሰጠው፣ ሙዚቃው እዚያ ላይ ተገነባ። ሼፐርድ ቶን የሚባለው ዘዴም አለበት። አንድ ዓይነት ድምፅ በተለያየ ከፍታ ተደራርቦ አብሮ ይወጣል፤ የላይኛው ቀስ እያለ ሲጠፋ ከታች ሌላ ይተካል፤ ጆሮህ ሁልጊዜ እየወጣ ያለ ይመስለዋል እንጂ የትም አይደርስም። አሁን እዚህ ላይ ዜማ ጨምርበት። ዜማ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። መጨረሻ ያለው ነገር ስትሰማ ደግሞ ትረጋጋለህ። እነዚያ ባሕሩ ዳር የተሰለፉ ወታደሮች ግን መቼ እንደሚያልቅላቸው አያውቁም፣ አንተም እንዳታውቅ ነው የተፈለገው።

ማጀቢያ፦
ስለ ጭንቀቱ ልክ ነህ፣ እኔም ወንበሬን ጨብጬ ነው ያየሁት። ግን ፊልሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ምን ተጫወተ? የእንግሊዙ ደራሲ ኤልጋር! ኒምሮድ የሚባለው፣ በ1899 ለሕዝብ የቀረበ ዜማ፣ በጣም ተጎትቶ። ተመልካቹ ትንፋሽ እንዲያገኝ ሲፈልጉ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው ዜማ አመጡ። ለምን ይመስልሃል?

ቲምፓኒ፦
ያ እኮ እፎይታው ነው። አንተ የጠየቅከው ስለ አክሽኑ ነው።

ዝምታ፦
ሁለታችሁም ሙዚቃ የግድ መኖር አለበት ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። እኔ ከዚያ በፊት ላቁማችሁ። ቡሊት የተባለው ፊልም፣ 1968። ሁለት መኪኖች ኮረብታማው የሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ይከታተላሉ፣ የላሎ ሺፍሪን ሙዚቃም አብሮ ቀስ እያለ ይጠጥራል። ከዚያ ከነፍሰ ገዳዮቹ አንዱ፣ ሹፌሩ፣ የደህንነት ቀበቶውን ቀጭ ያደርጋል። መኪናው ይፈተለካል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ሙዚቃውም እዚያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ማሳደድ ሞተር፣ ጎማና ማርሽ ብቻ ነው። ሺፍሪን መጻፍ አቅቶት አይደለም። የት እንደሚያቆም ስላወቀ ነው። ቤን ሐር ላይም፣ 1959፣ ሚክሎሽ ሮዣ ለሠረገላ ነጂዎቹ ሰልፍ ግርማ ያለው የሰልፍ ዜማ ጻፈ፣ ውድድሩ ሲጀመር ግን ኮቴና የሕዝብ ጩኸት ብቻ። ሮዣ ለዚያ ፊልም ኦስካር ወስዷል።

ቲምፓኒ፦
ቤን ሐርን ካነሳሽ የቀዛፊዎቹን ትዕይንት አትለፊው! መርከቡ ሆድ ውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ ምት ይሰጣል፣ አዛዡ ፍጥነቱን ጨምር ይላል፣ ይጨምራል፣ አሁንም ጨምር ይላል። ኦርኬስትራው በዚያው መዶሻ ላይ ነው የሚጫወተው። ሰዎቹ እየወደቁ ምቱ አይጠብቃቸውም። ለኔ አክሽን ሙዚቃ ማለት ይህ ነው። ሰውነት ላይ የሚሠራ ነገር።

ማጀቢያ፦
እሱ ላይ እኮ ዜማም አለ፣ ነሐሶቹ፣ ማለትም የነሐስ መሣሪያዎቹ፣ የሚይዙት። ምቱ ሲፈጥን ዜማው አብሮ ስለሚታነቅ ነው የምንጨነቀው።

ሁለተኛ ቫዮሊን፦
ከተጫዋች ወንበር ልናገር፣ ስሜም እንደሚለው ሁለተኛ ቫዮሊን ነኝ። የፊልም ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ ብዙ ጊዜ ተጫውቻለሁ። በዚህ ዘመን የሚጻፈውን የውጊያ ሙዚቃ ስትጫወቱ ገጹ ላይ የምታዩት አንድ ነገር ነው። አራት ኖታ፣ እንደገና አራት ኖታ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀኝ ክንዴ ከክርን በታች እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ደጋኑን የያዘው አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፣ የስንተኛው ባር (የምት ክፍል) ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። የጆን ዊልያምስን የበረሃ ማሳደድ፣ የ1981ዱን የኢንዲያና ጆንስ የጭነት መኪና ትዕይንት፣ ስንጫወት ግን ሌላ ዓለም ነው። እሱም ከባድ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ነገር ግን ጥሩምባው የጀመረውን ሆርኑ ይቀበለዋል፣ እኛ እንቀማቸዋለን፣ የጀግናው የሰልፍ ዜማ ቁርጥራጭ ሆኖ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብቅ ይላል። ታሪኩን እጅህ ውስጥ ይዘኸዋል።

ይህን ስል ግን ለማጀቢያ ሙሉ በሙሉ አልፈርድለትም። ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስን አድምጡ፣ 1968፣ ጄሪ ጎልድስሚዝ። የአደኑ ትዕይንት። እዚያ ውስጥ የምታንጎራጉረው ዜማ የለም። የበግ ቀንድ ይነፋል፣ በፊልሙ ሌላ ሙዚቃ ውስጥ የወጥ ቤት የብረት ሳህን ሳይቀር ይመታል፣ ፒያኖው እንደ ከበሮ ይደበደባል። ጎሪላዎቹ በፈረስ ሲመጡ ያ ቀንድ ሲጮኽ ሆዴ ነው የሚገለበጠው። ዜማ የለም፣ ግን አንዱ ባር ከሌላው አይመሳሰልም። ስለዚህ ልዩነቱ የዜማና የምት ሳይሆን የታሰበበትና ያልታሰበበት ይመስለኛል።

አምስት ምት፦
እህቴ ይህንን ስላልሽ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ምት ራሱ ታሪክ መናገር ይችላል። የቀለበቱ ጌታን የአይዘንጋርድ፣ የክፉዎቹ ምሽግ፣ ሙዚቃ ታውቁታላችሁ፣ ሃዋርድ ሾር፣ 2001። በአምስት ነው የሚቆጠረው። ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፣ አንድ ሁለት ሦስት አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት አንድ ሁለት። ሰው ሁለት እግር ነው ያለው፣ በአምስት መሄድ አይችልም፤ አንዴ ቀኝህ ይጀምራል አንዴ ግራህ። ከሥር ብረት በብረት ይመታል፣ ከላይ ትሮምቦኖቹ ይገባሉ። የፋብሪካ ማሽን ሰው ሲረግጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ጉስታቭ ሆልስትም በ1914 የጦርነት አምላኩን ማርስን በአምስት ነው የጻፈው፣ የሺፍሪን ሚሽን ኢምፖሲብልም በአምስት ነው፤ ረጅም ረጅም አጭር አጭር። ይህ በሞርስ ፊደል ኤም እና አይ ነው፣ የርዕሱ ሁለት ፊደላት። ያውም እሱ ላይ ዜማው ገና ሳይገባ ነው ሰው የሚያውቀው። ከምቱ ብቻ።

ማጀቢያ፦
የአምስቱን እቀበላለሁ፣ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ቢሆንም አምስት የምትቆጥረው ከላይ የሚሄድ ነገር ስላለ ነው። ትሮምቦኖቹን አውጣቸውና ሰባት ደቂቃ ስማው እስኪ።

አሁን ደግሞ ቲምፓኒ ራሱ በሚወደው ዚመር ልምጣ። ግላዲያተር፣ 2000። የመጀመሪያው ጦርነት፣ ጫካው ሲቃጠል፣ በምን ነው የተጻፈው? በዋልዝ! አንድ ሁለት ሦስት፣ የዳንስ ምት፣ ከላዩ ረጅም ረጅም ዜማ። ሮማውያኑ ሥልጡን መስለው ሰው ሲያርዱ ዳንሱ ይሽከረከራል። ያው ዚመር ዜማ ሲፈልግ ይጽፋል። ታዲያ በኋላ ሁሉም ለምን የእሱን ከበሮ ብቻ ቀዳ?

ዝምታ፦
ይህንን እኔ ልመልስ፣ የፊልም ድምፅ ማደባለቅ ሥራዬ ስለሆነ። ድሮ የሙዚቃ ደራሲው የሚደርሰው ተቆርጦ ያለቀ ፊልም ነበር። አሁን በኮምፒውተር እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቆረጣል። ስምንት ባር ያለው ዜማ መሐሉ ላይ ሁለት ሰከንድ ብታወጣበት ይሰበራል፣ ማንም ይሰማዋል። የሚደጋገም አራት ኖታ ግን ከየትም ብትቆርጠው ይገጥማል። ስለዚህ ጥፋቱ የደራሲዎቹ ብቻ አይደለም፣ የሚቆረጥ ሙዚቃ ነው የሚታዘዙት።

ሌላው ቦታ ነው። አንድ ጊዜ የማሳደድ ትዕይንት ስንደባልቅ ደራሲው ለቼሎዎች የሚያምር መስመር ጽፎ ነበር። ዳይሬክተሩ ሞተሩ አልተሰማኝም አለ፣ ሞተሩን ከፍ አደረግን። ፍንዳታው አነሰ አለ፣ ጨመርን። ቼሎዎቹን በገዛ ጣቴ ዝቅ አደረግኋቸው፣ ትንሽ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። መጨረሻ ላይ ከዚያ ሁሉ ኦርኬስትራ የቀረው ከበሮው ነበር። ሲኒማ ቤት ሄጄ ሳየው አንዲት የቼሎ ድምፅ አልሰማሁም። እስካሁን ይቆጨኛል። ሁሉም ነገር እኩል ከሚጮኽ ወይ ሙዚቃው ይውጣ ወይ ሞተሩ ይውጣ የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ቲምፓኒ፦
እንዲህ ሲባል ይገባኛል። ግን ምክንያቱ የፋብሪካ ሥራ ነው ማለት ውጤቱ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ደንከርክ ላይ ተደጋጋሚነቱ የታሰበበት ነው።

አምስት ምት፦
ኮረሱን፣ የመዘምራኑን ድምፅ፣ ማንም አላነሳም እኮ! የ1999ኙ ስታር ዋርስ፣ ፋንተም ሜናስ። ትልቁ በር ይከፈታል፣ ያ ቀይ ፊቱ ሰው ቆሟል፣ ሰይፉ በአንድ በኩል ይበራል፣ ከዚያ በሌላው በኩልም። ኮረሱ ይፈነዳል። የሚዘምሩት ሳንስክሪት ነው፤ የድሮ የዌልስ ግጥም በእንግሊዝኛ በኩል ተተርጉሞ፣ ቃላቱ ለድምፃቸው ተመርጠው የተደረደሩበት። ትርጉሙን ማንም ሰሚ አያውቀውም፣ ግን አንድ ትልቅ ነገር እየተፈረደ እንደሆነ ይገባሃል። እዚያ ላይ ዜማና ምት አልተጣሉም፤ ቫዮሊኖቹ ከሥር አጭር አጭር እየፈተሉ ኮረሱ ከላይ ረጅሙን ይይዛል።

ዝምታ፦
የዚያው ትዕይንት ምርጡ ቅጽበት የቱ እንደሆነ ልንገርህ? ቀዩ የብርሃን በር መሐላቸው ሲዘጋ። ሙዚቃው ይወርዳል፣ የበሩ እምምታ ብቻ ይቀራል። ሽማግሌው ጄዳይ፣ የበጎው ወገን ተዋጊ፣ ተንበርክኮ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው እንደታሰረ አውሬ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሁለቱንም ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ የምታውቀው እዚያ ነው። በሩ ሲከፈት ኦርኬስትራው ሲመለስ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመታህ።

ማጀቢያ፦
ይህኛውን መከራከር አልችልም። የኢ.ቲ.ንም አሁን እንደገና ከፍቼ ሰማሁት፣ ያልሽውን እያሰብኩ። የበረራው ዜማ በማሳደዱ ውስጥ ወዲያው አይሰጥህም። ሩጫው ይሄዳል፣ ነሐሶቹ ይገፋሉ፣ ተዘጋ ልጆቹ ተያዙ ስትል ነው የሚፈነዳው። መጀመሪያ ላይ ቢመጣ ኖሮ ያን ያህል አያነሳኝም ነበር። ስለዚህ ቲምፓኒ፣ ምቱ ዜማውን ተሸክሞት እንደመጣ አምናለሁ። ዜማ አይኑር የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

ቲምፓኒ፦
አይኑር አላልኩም፣ የግድ አይደለም ነው ያልኩት። የተሸከመውን ስላየህለት ግን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ ቫዮሊን፦
ኢ.ቲ.ን ካነሳህ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የመጨረሻ ክፍል አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ያለማቋረጥ የሚሄድ ነው። በ1982 ሲቀዳ ዊልያምስ ፊልሙን እያየ ኦርኬስትራውን ሲመራ ከሥዕሉ ጋር አልገጥም ብሎት ተቸገረ። የፊልሙ ዳይሬክተር ስፒልበርግ ፊልሙን አጥፋው፣ እንደ ኮንሰርት አድርገህ ምራው አለው። ከዚያ ስፒልበርግ የፊልሙን መጨረሻ በሙዚቃው ልክ ቆረጠው። ዝምታ እንዳለችው ዛሬ ሙዚቃው ነው የሚቆረጠው፣ ያኔ ግን ፊልሙ ተቆረጠ።

እኔ ይህን ከፊልሙ ጋር በመድረክ ተጫውቼዋለሁ። መሪያችን ፊት ትንሽ ስክሪን አለ፣ ባለ ቀለም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድና ብልጭ ሲል ምቱ እዚያ መውደቅ አለበት። ልምምድ ላይ ደጋግመን ሳትነው። ፍጥነቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ብስክሌቶቹ ከመነሳታቸው በፊት ጥቂት ይጎተታል፣ ከዚያ ይለቃል። ማንም ማሽን የቆጠረው አይደለም። መሪያችን ዱላውን አስቀምጦ «እዚህ ጋ ሰውዬው ተንፍሷል፣ እኛም እንተንፍስ» አለን። በሚቀጥለው ሙከራ ከሰማንያ ሰው በላይ አብረን አየር ስበን ደጋናችንን አነሳን፣ መስመሩ ብልጭ አለ፣ ብስክሌቶቹ ተነሱ።