የካክተሶቼ እምቡጥ ሳይፈካ ይደርቃል

አዳማ፣ ምዕራብ በሚያይ በረንዳ ላይ 3 ማሚላሪያ የሚባሉ ትንንሽ እሾሃማ ካክተሶች አሉኝ። የተተከሉት 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሸክላ ነው፤ አፈሩ 2 እጅ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ 1 እጅ የተነፋ ብስባሽ። ከኅዳር እስከ ጥር ውሃ ከለከልኳቸው። የካቲት ላይ ማጠጣት ስጀምር አናታቸውን ዙሪያውን የክብሪት ራስ የሚያክል ሮዝ እምቡጥ ከበበው፤ በሳምንቱ ግን ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ደረቀ። በአጉሊ መነጽር ሳይ ጥጥ መሳዩ ተባይም ሆነ ድር የለም፤ አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁ፣ ነጭና ጤነኛ ነው። ነፋሱን ጠርጥሬ በፕላስቲክ ከለልኳቸው፤ ሁለተኛው ዙር እምቡጥም ደረቀ። (እምቡጥ ይዘው አላዞርኳቸውም፤ ያ እንደሚያረግፍ አውቃለሁ።) የማጠጣው በ10 ቀን አንዴ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ የቡና ሲኒ ነው። እምቡጥ ከታየ በኋላ ውሃውን ልጨምር ወይስ ከሰዓት በኋላ ጥላ ላድርግላቸው?