በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮማ የሚገባው የት ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሥራዬ ሪፖርትና ደብዳቤ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቤን ለመግለጽ ብዙም አልቸገርም፤ የኮማ አጠቃቀም ግን እስካሁን አልጠራልኝም። ትምህርት ቤት የተነገረን «አንባቢው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ አድርጉ» የሚል ነበር። ጽሑፎቼን የሚያርመው ባልደረባዬ ግን አንዳንዱን ኮማ ይሰርዛል፣ አንዳንዱን በነጥብ ይተካል፣ ባላሰብኩበት ቦታም ይጨምራል። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ማያያዝ ለምን ስሕተት ይባላል? «ሁ» እና «ዊች» ከሚሉት ቃላት በፊትስ ኮማ አንዴ ገብቶ ሌላ ጊዜ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው?

መልስ 1፦
የትንፋሹ መመሪያ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ግድም በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ምሁር፣ የባይዛንቲየሙ አሪስቶፋነስ፣ በጽሑፍ ላይ በተለያየ ከፍታ የሚቀመጡ ነጥቦችን ያስተዋወቀው፣ ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ሰው የትና ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት እንዲያውቅ ነበር። የዛሬው የእንግሊዝኛ ኮማ ግን በዋናነት የሰዋስው ምልክት ሆኗል። ስለዚህ ከማድረግዎ በፊት ከኮማው ወዲህና ወዲያ ያለው ምን እንደሆነ ይመልከቱ።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መነሻ፣ በእኔ አስተያየት፣ የአማርኛችን ልማድ ነው። «ሪፖርቱን ጨርሼ፣ ለኃላፊው ልኬ፣ ወደ ቤት ሄድኩ» ብለን ስንጽፍ «ጨርሼ» እና «ልኬ» ቦዝ አንቀጾች ስለሆኑ ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ሐሳቡ እንዳልተቋጨ አንባቢው ያውቃል። በእንግሊዝኛ «አይ ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት፣ አይ ሴንት ኢት» ስንል ግን ሁለቱም ማሰሪያ አንቀጽ ያላቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ እነሱን አስሮ ለመያዝ ደግሞ ኮማ ብቻውን አቅም የለውም። ወይ በነጥብ ይለያዩአቸው፣ ወይ ሴሚኮለን (;) ያድርጉ፣ ወይም ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ሶ» ከሚሉት አያያዦች የሚስማማውን ያስገቡ። «ሃውኤቨር» ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ ከ«ባት» ጋር ቢቀራረብም አያያዥ ስላልሆነ፣ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ሲገባ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል።

ትንፋሽን መከተል ከሁሉ የሚጎዳው ባለቤቱ ሲረዝም ነው። ባለቤቱ አንድ መስመር ሙሉ ቢሆንና አንባቢው ማረፍ ቢያስፈልገው እንኳ፣ በባለቤቱና በግሡ መካከል አንድ ብቸኛ ኮማ አይገባም።

መልስ 2፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። «ድልድዩን የመረመሩት መሐንዲሶች ተከፈላቸው» የሚለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከመሐንዲሶቹ መካከል የመረመሩት ብቻ ተከፈላቸው፣ ወይም ሁሉም መርምረው ስለነበር ሁሉም ተከፈላቸው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህንን የሚለየው ኮማ ነው። «ዘ ኢንጂነርስ ሁ ቼክድ ዘ ብሪጅ ዌር ፔይድ» ያለ ኮማ ሲጻፍ የተከፈላቸው የመረመሩት ብቻ ናቸው። «ሁ ቼክድ ዘ ብሪጅ» የሚለው በግራና በቀኝ በኮማ ሲታጠር ግን ተጨማሪ መረጃ ብቻ ይሆናል፤ ቢወጣም ስለ ማን እንደተነገረ አይለወጥም። ሁለተኛውን ኮማ መርሳት የተለመደ ስለሆነ ይጠንቀቁ። አሜሪካውያን አርታኢዎች ለመጀመሪያው ዓይነት «ዛት» ሲመርጡ፣ ብሪታንያውያን «ዊች»ን ለሁለቱም ስለሚጠቀሙ በእነሱ ጽሑፍ ልዩነቱን የሚያሳየው ኮማው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መልስ 3፦
በዝርዝር ውስጥ ከመጨረሻው «ኤንድ» ወይም «ኦር» በፊት ስለሚገባው ኮማም ማንሳት ይገባል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ይጠቀምበታል፤ የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ደግሞ በቀላል ዝርዝር ውስጥ ይተወዋል። እኔ አድርጉት ከሚሉት ወገን ነኝ። በአሜሪካ የሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች የሚዘረዝረው ሕግ መጨረሻው ላይ «ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግ» ተብሎም «ለጭነት ማሸግ፣ ወይም ማሰራጨት» ተብሎም ሊነበብ የሚችል የእንግሊዝኛ ሐረግ ነበረው፤ ከ«ወይም» በፊት ግን ኮማ አልነበረም። የአንድ የወተት ኩባንያ ሾፌሮች፣ እኛ እናሰራጫለን እንጂ አናሽግም፣ ሐረጉ የሚያወራውም ስለ ማሸግ ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ሕጉ አሻሚ መሆኑን ተቀብሎ ለሾፌሮቹ ወሰነ፤ ጉዳዩም በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የቦዝ አንቀጹ ማብራሪያ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። አንድ ልጨምር፦ «ኢፍ» እና «ቢኮዝ» ሲኖሩስ?

መልስ 1፦
በ«ኢፍ» ወይም በ«ቢኮዝ» የሚጀምረው ክፍል ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት መጨረሻው ላይ ኮማ ይደረጋል፤ ከዋናው ሐሳብ በኋላ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም። ዋናው ሐሳብ አሉታዊ ሲሆንና «ቢኮዝ» ሲከተለው ግን ቆም ብለው ያስቡ። «ሺ ዲድ ኖት ሪዛይን ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሳላሪ» ያለ ኮማ ሲጻፍ፣ ሥራዋን የለቀቀችው በደመወዙ ምክንያት አይደለም፣ ምክንያቱ ሌላ ነው ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ከ«ቢኮዝ» በፊት ኮማ ሲገባ ግን አለመልቀቋን፣ ያቆያትም ደመወዙ መሆኑን ይናገራል። ኮማውም ካላጠራው ዓረፍተ ነገሩን እንደገና መጻፍ ይሻላል።