ክርክር፦ ከዚራ ማታ ማታ ለመኪና ይዘጋ?

አወያይ፦ የድሬዳዋው የከዚራ ዋና ጎዳና ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ለመኪናና ለባጃጅ ተዘግቶ ለእግረኛ፣ ለካፌና ለምግብ ሻጭ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? በዝርዝር አስረዱ።

ባለ ካፌ፦ ይዘጋ! ድሬ ቀትር ላይ በሙቀቱ ሱቋን ዘግታ ታርፋለች፤ ገበያው የሚነቃው ፀሐይ ሲበርድ ነው። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ የተቆረቆረ፣ ጎዳናው ቀጥ ያለና ዛፍ ያለበት ሰፈር ነው፤ ለእግር ከዚህ የሚመች የለም። አሁን ግን ወንበራችን የእግረኛውን መንገድ ይይዛል፣ ሰው አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ ባጃጁ በጎኑ ይሽሎኮሎካል።

ባጃጅ ነጂ፦ አቦ፣ ከዚራን ብቻ ከዘጋችሁ ምሽቱን ለሁለት ነው የምትቆርጡት። ሰው እኮ እዚህ ጁስ ጠጥቶ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ፈቲራና ሳምቡሳ ይበላል፣ ተመልሶ ሙዚቃ ቤት ይገባል። የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። መዝጊያው ጫፍ ላይ ማዞሪያ ከሌለ አንዱ ተሳፋሪ ሲያወርድ የኋላው ይቆማል፣ ከዚያ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ይደርሳል።

ባለ ካፌ፦ ታዲያ መኪናውም ባጃጁም ወንዙ አሸዋ ላይ ይቁም፣ ባዶ አይደል?

የመጋላ ነዋሪ፦ ይሄንንስ ተወው ወንድሜ! ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ከዘነበ፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ስንቱን ቤተሰብ ይዞ ሄደ። ወንዙ ውስጥ መኪና ማቆሚያም ጋሪም አይታሰብም። ሰዓቱም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ ሊሆን አይችልም፤ በረመዳን ሰው ከአፍጥር በኋላ ወጥቶ እስከ ሱሁር፣ ማለትም ጎህ ሳይቀድ እስከሚበላው ምግብ ድረስ ነው የሚቆየው። 5 ሰዓት ላይ መንገድ ከከፈትክ ግርግሩ መሐል መኪና ለቀቅክ ማለት ነው።

ፈቲራ ጋጋሪ፦ ስለ ምግብ ሻጩ ማንም አላነሳም። የፈቲራ ሊጥ በዘይት ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ካላረፈ ሲወጠር ይቀደዳል። ካረፈ፣ እጅ ከሥሩ እስኪታይ ይሳሳል፤ እንቁላሉ መሐሉ ላይ ይፈስና አራቱም ጠርዝ ይታጠፍበታል። ብረት ምጣዱ በደንብ ካልጋለ ሊጡ ዘይት ይጠጣና ይከብዳል። ሜዳ ላይ ጠላቱ ነፋስ ነው፤ እሳቱን ወደ ጎን ይወስደዋል። ስለዚህ ጋሪው በሦስት ጎን የቆርቆሮ መከለያ ይኑረው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ከእሳቱ ርቆ ይቁም። የተቃጠለው ዘይት በጀሪካን ይሰብሰብ፤ ቱቦ ውስጥ ከደፉት አሸዋና ፌስታል ይዞ ይጋገራል፣ በመጀመሪያው ዝናብ መንገዱ ኩሬ ይሆናል።

የከዚራ ነዋሪ፦ እኔ የምቃወመው ድምፁን ነው። ሙዚቃ ቤቱ በሩን የሚከፍተው ውስጡ ስለሚታፈን ነው፣ «ድምፅ ቀንሱ» ቢባልም ያው ነው። አየር ማውጫ ይግጠም፣ በሩ ድርብ ይሁን፣ ስፒከሩ ከግድግዳና ከወለል ይነጠል፤ ጎረቤት እንቅልፍ የሚነሳው ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው ቤዝ ነው። አምቡላንስና እሳት አደጋ መኪና የሚያልፉበት 4 ሜትርም ወንበር አይደርደርበት።

ባጃጅ ነጂ፦ እንዲህ ከሆነ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ይሞከር። በሁለቱም ጫፍ ማውረጃና ማዞሪያ ይሠራ፣ አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር የያዘ ባጃጅ ይለፍ።

ባለ ካፌ፦ በማውረጃው እስማማለሁ። ይለፍ የምትለውን ግን አልቀበልም፤ አንዱ ካለፈ ሁሉም በሽተኛ ጭኛለሁ ይላል። ለአቅመ ደካማ ከጫፍ ጫፍ የሚገፋ ተሽከርካሪ ወንበር እናዘጋጅ፣ ወጪውን ካፌዎቹ እንሸፍን።