ወንድሜ መርከብ ላይ 5 ወር ደሞዝ አልተከፈለውም፣ የመርከብ ባለቤት የት ነው የሚከሰሰው?

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም ቤተሰብ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጥያቄዬ ለኛ አገር ትንሽ ይገርማል ግን የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ ባቦጋያ ማሪታይም ተምሮ መርከብ ላይ ኢንጂን ሩም ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የመጀመሪያው ጥሩ ነበር ኮንትራቱን ጨርሶ መጣ፣ ሁለተኛውን ግን በአንድ ኤጀንት ነኝ ባይ በኩል አገኘና ገንዘብም ከፍሎ ነው የሄደው፣ አሁን መርከቡ ዱባይ አካባቢ ከወደብ ራቅ ብሎ መልህቅ ጥሎ ቆሟል፣ ደሞዝ ካየ 5 ወሩ። ናፍጣ እንዳያልቅ ጄኔሬተሩን በቀን 3 ሰዓት ብቻ ነው የሚያስነሱት፣ ያኔ ነው ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ድምጽ የሚልክልን። ባለፈው «ሩዝስ አለ፣ ውሃው ነው ዝገት ዝገት የሚለው» አለ፣ እናቴ እንዳትሰማ ደጅ ወጥቼ ነው የሰማሁት።
ችግሩ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ባንዲራው የፓናማ፣ ኮንትራቱ ላይ ያለው ድርጅት ማርሻል ደሴቶች የተመዘገበ፣ ኢሜይል ይመልስ የነበረው ማናጀር ደግሞ ሌላ አገር፣ እሱም ዝም ካለ ሰነበተ። እዚህ አንድ ጠበቃ ጋ ሄጄ ነበር፣ ጥሩ ሰው ነው አልዋሸኝም፣ የመሬትና የውርስ እንጂ የመርከብ ጉዳይ ይዤ አላውቅም አለኝ። እዚህ ልክሰስ? ፓናማ? ወይስ ልጁ ጥሎ ይምጣ?

ጠባሴ ሰፈር፦
የመርከብ ጠበቃ ስትል በሬሳ ወንዝ ላይ ወደብ ሊከፈት ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ይቅርታ ወንድሜ ቀልዴን ነው፣ በሰላም ያምጣላችሁ። እኔ ግን ጥሎ ይምጣ ነው የምለው፣ ብር ከነፍስ አይበልጥም።

ሰከንድ ኢንጂነር፦
ጥሎ ይምጣ ያልከው፣ መርከቧ እኮ ባሕር ላይ ነው ያለችው፣ እንደ ሚኒባስ ወራጅ አለ አይባልም። ቪዛም የወደብ ፈቃድም ያስፈልገዋል፣ ትኬቱንም የሚቆርጥ ሰው መኖር አለበት።
የመሐል ሜዳው ስማኝ፣ ዛሬ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ለወንድምህ ይሄን ንገረው። መመገቢያ ክፍሉ ወይ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ይፈልግ። የባሕር ሠራተኞች ኮንቬንሽን የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ በፈረንጆቹ የ2006ቱ፣ ፓናማም ፈርማለች፣ ከ2017 ጃንዋሪ ጀምሮ የፈራሚ አገር ባንዲራ ያላት ትልቅ መርከብ ሁሉ ባለቤቱ ክሩን (መርከበኞቹን) ጥሎ ቢጠፋ የሚከፍል ዋስ ይዛ ሰርተፍኬቱን ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለባት። 2 ወር ደሞዝ ካልተከፈለ እንደተጣሉ ይቆጠራል፣ ስለዚህ እነሱ ካለፉት ቆይተዋል። ኢንሹራንሱ እስከ 4 ወር ደሞዝ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ እና የመመለሻ ትኬት ይሸፍናል። አብዛኛውን ጊዜ ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባሉት የመርከብ ባለቤቶች የጋራ ኢንሹራንሶች ናቸው ዋሶቹ፣ ስልክና ኢሜይላቸው ወረቀቱ ላይ አለ። ኢንሹራንሱ ውሉን ለማቋረጥ ለባንዲራው አገር 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ባለቤቱ ፕሪሚየሙንም (የኢንሹራንሱን ክፍያ) መክፈል አቁሞ ሊሆን ስለሚችል እንዳትዘገዩ።
የመርከቧን ኢሞ ቁጥር ላክልኝ፣ ኢኳሲስ የሚባል የመርከቦች መረጃ ድረ ገጽ ላይ ማን እንደያዛት በነጻ አይልሃለሁ። አይ ቲ ኤፍ ለሚባለው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበርም ይጻፉ፣ በነጻ ነው የሚረዱት።

የመሐል ሜዳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሞው ያው በስልኩ ነው የገባው፣ በውስጥ ልላክልህ?

ሰከንድ ኢንጂነር፦
ሃሃሃ የምንደዋወልበት ኢሞ አይደለም! 7 አሃዝ ነው፣ ቀፎዋ ላይ ተጽፎ ወይ ተበይዶ ታገኘዋለህ። ልክ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር በለው፣ ስሟንም ባንዲራዋንም ቢቀያይሩ እሱ አይቀየርም።
ሌላ ደግሞ፣ ከመርከቧ ጥበቃ ጋር የተያያዘ ወረቀት ቢያመጡለት በጭራሽ እንዳይፈርም። ኤምቪ አማን የምትባል መርከብ በፈረንጆቹ 2017 ግብፅ ውስጥ ስትያዝ አንድ ሶርያዊ መርከበኛን የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አደረጉትና እስከ 2021 ኤፕሪል ድረስ አገሩ መግባት አልቻለም፣ መጨረሻ ላይ ብቻውን ነበር የቀረው፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ እየዋኘ ነበር ወደ የብስ የሚወጣው።

ሞላሌ፦
የሕግ ሰው ነኝ፣ የባሕር ሕግ ተምሬያለሁ። ባለቤቱን ፍለጋ አትድከም። ለመርከብ፣ ለመዝናኛ ጀልባና ለግል አውሮፕላን ባለቤቶች ብቻ የሚሠሩ የጠበቃ ቢሮዎች አሉ፣ አንዱ ሥራቸው ይሄ ነው፣ ለእያንዳንዷ መርከብ የራሷን ድርጅት ያቋቁማሉ፣ ድርጅቱን አንድ አገር ባንዲራውን ሌላ አገር ያስመዘግባሉ፣ አንዷ ስትከሰስ ሌሎቹ እንዳይነኩ። ሕገወጥ አይደለም፣ ግን እንዳንተ ያለ ሰው ሲመጣ የሚይዘው ያጣል።
ሰውየው ይደበቃል፣ መርከቧ ግን አትደበቅም። መንዝ ያደግክ ከሆነ ይገባሃል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ በሬ ገብስህ ውስጥ ቢገባ ምን ታደርጋለህ? በሬውን ታስራለህ፣ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎህ ይመጣል፣ ካሳውን ከፍሎ ይወስዳል። የመርከብ እስር የሚባለውም ይሄው ነው፣ ያለችበት አገር ፍርድ ቤት ያግዳታል፣ ካልተከፈለ በሐራጅ ትሸጣለች። የክሩ ደሞዝ ደግሞ መርከቧ ላይ የተጣበቀ ዕዳ ነው፣ በብዙ አገር ከባንክ ብድር ይቀድማል፣ ባለቤቱ ለሌላ ቢሸጣትም ዕዳው አብሯት ይሄዳል። የኛም የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ያውቀዋል። ብዙ ቦታ ግን 1 ዓመት ካለፈው ይጠፋል፣ ስለዚህ ኢንሹራንሱ 4ቱን ወር ቢከፍል እንኳን 5ኛውን ዝም እንዳትሉት።
እዚህ ብትከስ ይፈረድልህ ይሆናል፣ ግን ፍርዱን ይዘህ ምኑን ትይዛለህ? እዚህ አቤት የምትለው ኤጀንት ነኝ ባዩን ነው፣ ኮንቬንሽኑ መርከበኛን ሥራ አገኘሁልህ ብሎ ማስከፈልን ይከለክላል፣ ደረሰኝ ወይ የባንክ ስሊፕ ካለህ ማሪታይም ባለስልጣን ሂድ። ልጁ ደግሞ «ደሞዜን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነገር ከፈረመ በኋላ መጠየቅ ይከብደዋል፣ ሳይቀበል እንዳይፈርም።

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም፣ ከሶስት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት። ሰርተፍኬቱ ተገኘ! የእሳት አደጋ ፕላኑ ጎን ነበር ለካ፣ በየቀኑ ፊቱ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ጊዜው አላለፈበትም። ካፒቴኑ ራሱ እንዳልተከፈለው ያወቅነው አሁን ነው፣ 11 ሆነው አብረው ፈርመው ለኢንሹራንሱም ለአይ ቲ ኤፍም ላኩ፣ ደርሶናል የሚል መልስ መጥቷል። የበሬውን ምሳሌ ለአባታችን ነገርኳቸው፣ ወዲያው ገባቸው፣ ግን «ታዲያ የታሰረውን በሬ እስኪሸጥ ማን ነው የሚቀልበው?» አሉኝ፣ ይሄን መመለስ አቃተኝ።

ሞላሌ፦
አባትህ ጠበቃ መሆን ነበረባቸው። መጀመሪያ የሚያስወጣው ያሳሰረው ነው፣ ዘበኛው፣ የወደቡ ኪራይ፣ ናፍጣው። ስትሸጥ ከሁሉም ፊት እሱ ይነሳለታል፣ ከደሞዝም በፊት። አሮጌ መርከብ ከሆነች ቀለቧ ዋጋዋን ሊበላው ይችላል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ላይ ግፉ የተባላችሁት። የመርከቧን ዕድሜ ጠይቀውና ጻፍልኝ።