«ኳንተም ፍላክቹዌሽን» መናወጥ ነው ወይስ መዋዠቅ?

ጥያቄ፦ አንድ ጽሑፍ ላይ «ጋላክሲዎች የበቀሉት ከኳንተም መናወጥ ዘር ነው» የሚል አነበብኩ። «መናወጥ» ልክ ነው? «ዘር»ስ?

መልስ፦ «መዋዠቅ» ቢባል ይሻላል ወዳጄ። የዋጋ መዋዠቅ፣ የመብራት ኃይል መዋዠቅ እንል የለ? ከፍ ዝቅ ማለት ነው። መናወጥ ግን የሚያናውጠው ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ ማንም የሚነካው የለም። በኳንተም ሕግ፣ ማለትም በአተምና ከአተም ባነሱ ነገሮች ሕግ፣ ባዶ የምንለው ቦታ እንኳ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ሌላ ጊዜ ይሄ መዋዠቅ ብልጭ ድርግም ነው፣ ምንም ሳይተው ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ግን አጽናፈ ዓለም ከሰከንድ እጅግ ባነሰች ቅጽበት በአንዴ ተለጠጠ። ኢንፍሌሽን የሚሉት ይሄንን ነው (የገበያው «የዋጋ ንረት» እዚህ አይገባም፣ «መለጠጥ» ይበቃል)። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አላን ጉዝ ይሄን የመለጠጥ ሐሳብ ባሳተመበት በ1981 እ.ኤ.አ. ሙካኖቭ እና ቺቢሶቭ የተባሉ የሶቪየት ሳይንቲስቶች በስሌት አንድ ነገር አሳዩ፦ ያቺ ኢምንት መዋዠቅ አብራ ስትለጠጥ ተመልሳ መጥፋት ያቅታትና ረግታ ትቀራለች፣ ስለዚህ አንዱ ቦታ ከሌላው በጥቂቱ ወፈር ይላል፣ ማለትም ቁስ ይበዛበታል።

በጥቂቱ ስል በጣም በጥቂቱ ነው። አጽናፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀው ጨረር ዛሬም ሰማዩን ሞልቶታል፣ ሙቀቱም በየአቅጣጫው 2.7 ኬልቪን ገደማ ነው (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ የሚጀምር የሙቀት መለኪያ ነው)። ኮቤ የተባለችው የናሳ ሳተላይት ከአቅጣጫ አቅጣጫ ያለውን የሙቀት ልዩነት ለክታ በ1992 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ከ100,000 አንድ እጅ ግድም ሆኖ ተገኘ። ለስበት ይቺ በቂ ነበረች። ወፈር ያለው ቦታ ከጎረቤቱ ይስባል፣ በሳበ ቁጥር ይበልጥ ይወፍራል፣ በተለይ ጨለማ ቁስ የሚባለው፣ ብርሃን የማይሰጠውና በስበቱ ብቻ የሚታወቀው፣ ቀድሞ ይከማችና ጋዙ ይከተለዋል፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ ጋላክሲ።

«ዘር» ላይ ግን አልስማማም። የጤፍ ዘር ጤፍ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እዚህ የትኛው ቦታ እንደሚወፍር የሚወስነው ዕጣ ነው፤ ስሌቱ የሚነግረን በጥቅሉ ምን ያህል ትልልቅና ትንንሽ መዋዠቅ እንደሚኖር ብቻ ነው። በዚህ ግን ጎበዝ ነው፦ ትንንሾቹ በጥቂቱ ደከም እንደሚሉ ተንብዮ ነበር፣ ያንኑ ጨረር የለካችው የአውሮፓ ሳተላይት ፕላንክም ያንኑ አገኘች። እኔ ብሆን «የጋላክሲዎች ጥንስስ የተጣለው በኳንተም መዋዠቅ ነው» ብዬ እጽፈው ነበር። «ጥንስስ» ገና ቅርጽ ያልያዘ ጅማሬ ነው፣ የቀረውን ጊዜ ይሠራዋል።