ከታላቅ ወንድሜ የደረሰኝ አሮጌ ስማርት ሰዓት፦ መላ አለው?

ጥያቄ (አዲስ አባል)

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ስማርት ሰዓት ለእኔ አሳለፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራ ነው፤ ባለ ቀለም ስክሪን አለው፣ ክንድ ሲነሳ ይበራል። የአምራቹን ስም ልተወው፣ ጸብ እንዳይነሳ። ጠዋት ሙሉ ቻርጅ አድርጌው እወጣለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠፋል። መተግበሪያ ስነካ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አንዳንዴ ሳይከፈት ክንዴ ይዝላል። በአማርኛ የሚላክልኝ መልእክት ደግሞ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይመጣል። እኔ የጓጓሁት ስሮጥ የልብ ምቴን እንዲለካልኝ ነበር፤ እሱም የሚያሳየኝ ቁጥር አላማረኝም። መሳቢያ ውስጥ ልክተተው ወይስ መላ አለው?

ኮድ ጻፊ

የሚዞረው ክብ የሰዓትህ በሽታ አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ስማርት ሰዓቶች የስልክ መስኮት ነበሩ። ለምሳሌ አፕል ዎች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ለገበያ ሲቀርብ ሌሎች ሰዎች የጻፉለት መተግበሪያ የሚሠራው አይፎኑ ውስጥ ነበር፤ ሰዓቱ ሥዕሉን ብቻ ያሳያል። አንድ ቁልፍ ስትነካ ትእዛዙ በብሉቱዝ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ስልኩ ያስብበታል፣ መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ኮዱ ሰዓቱ ላይ እንዲሠራ የፈቀደው ማሻሻያ የመጣው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው።

እኔም ያኔ የገበያ ዝርዝር የሚያሳይ መተግበሪያ ጽፌ ነበር። በጣም ኮራሁበት። ባለቤቴ በአንድ እጇ ቅርጫት ይዛ፣ ሌላውን ክንዷን ደረቷ ላይ አንስታ ስትጠብቅ አየኋት። ጠበቀች። ስክሪኑ ጠፋባት፣ እንደገና ክንዷን አነሳች። በመጨረሻ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ስልኳን ከቦርሳ አወጣች። መተግበሪያውን በዚያው ሳምንት ሰረዝኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ በስልክህ ላይ ያለውን የሰዓቱን ማስተዳደሪያ ከፍተህ የቀረ ማሻሻያ ካለ ጫን። ከዚያ መተግበሪያዎቹን በሙሉ አጥፋና በአንድ አፍታ እይታ መልስ የሚሰጡትን ብቻ መልስ፤ የሰዓት ቆጣሪ፣ የአየር ሁኔታ፣ ሙዚቃ ማቆሚያ። ማንበብ፣ መምረጥና መጻፍ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ የስልክ ሥራ ነው። የሳጥኑ ጉዳይ የፊደላችን ቅርጽ ሰዓቱ ውስጥ ስለሌለ ነው፤ የሥርዓቱ ማሻሻያ ካላመጣው ከመተግበሪያ የሚገኝ መድኃኒት የለውም።

ሰዓት ሠሪው

ልጄ፣ ባትሪው ስንት እንደሚይዝ ብታውቅ አትፈርድበትም። የመጀመሪያው አፕል ዎች ባለ 38 ሚሊሜትሩ 205 ሚሊአምፒር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ብቻ ነበር የሚይዘው፤ የዚያን ጊዜው አይፎን 6 ግን 1810። ወደ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ ቃል የገባው ለ18 ሰዓት ነው፤ ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። ያንተው ዓመታት ቆጥሯል፣ ሊቲየም ደግሞ ሥራ ላይ ባይውልም ያረጃል።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ተመልከት። ሰዓቱን በጎኑ አዙረህ ስክሪኑ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበትን መስመር በብርሃን እየው። ስክሪኑ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ከታየህ ባትሪው አብጧል፤ ከእንግዲህ ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ ራስህም አትክፈተው። የተወጋ ሊቲየም በእሳት ይነሳል። ካላበጠ ባትሪ ማስቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ስክሪኑ የተያዘው በማጣበቂያ ስለሆነ በሙቀት አለስልሶ የሚያነሳ እጅ ይፈልጋል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ውኃ ይቋቋማል ብለህ አትመን። እኔ አርባ ዓመት ሰዓት ከፍቻለሁ፤ ብሎን የሌለው ሰዓት እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ሯጭ

የልብ ምቱን በተመለከተ እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። ቀስ ብዬ ስሮጥ የእኔው አሮጌ ሰዓት 168 አሳየኝ። ደነገጥኩ፤ ትንፋሼ እኮ ወሬ ያስወራኛል። ቆምኩና ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ በ15 ሰከንድ 33 ቆጠርኩ፤ በአራት ሲባዛ 132። 168ቱ ታዲያ ከየት መጣ? በሚቀጥለው ቀን እርምጃዬን ስቆጥር በደቂቃ 168 ገደማ ሆነ። ሰዓቱ ልቤን ትቶ እግሬን ይቆጥር ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሰዓቱ ሆድ የሚበራው አረንጓዴ መብራት በቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ምን ያህሉን ብርሃን እንደዋጠ ይለካል። ሰዓቱ ሲናጥ ብርሃኑም አብሮ ይናጣል፣ ንጠቱም በእርምጃ ልክ ነው። ማሰሪያውን ስትሮጥ ጠበቅ አድርገህ ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው። ብርድ ካለ መጀመሪያ ሰውነትህን አሙቅ፤ በብርድ ጊዜ ደም ከቆዳ ይሸሻል። አንጓህ ላይ ንቅሳት ካለ ወደ ሌላው እጅ አዛውረው። ተቀምጠህ ስትለካ ግን ብዙ አይሳሳትም። የሮጥከውን ርቀት በትክክል ከፈለግህ ስልክህን መያዝ ግድ ሊሆንብህ ይችላል፤ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ የራሳቸው ጂፒኤስ አልነበራቸውም።

ተጠራጣሪ

ሁላችሁም የሞተ ሰው ራስ ምታት እያከማችሁ ነው። ፔብል የተባለውን ስማርት ሰዓት አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 69 ሺህ ሰዎች ገና ላልተመረተ ሰዓት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። በ2016 መጨረሻ ኩባንያው ተዘጋ፣ በ2018 አጋማሽ ሰዓቶቹን በኢንተርኔት ያገለግሉ የነበሩት ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹ፣ ጠፉ። የእጅ ሰዓት ኩባንያው ሲዘጋ አብሮ የሚሞት ከሆነ ሰዓት አይባልም።

ኮድ ጻፊ

ፔብልን ያነሳኸው በተሳሳተ ምስክርነት ነው። ሰርቨሮቹ ሲጠፉ ሪብል የተባሉ በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን አቁመው ሰዓቶቹን አስቀጥለዋል፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ጉግል የሶፍትዌሩን ምንጭ ኮድ ይፋ አድርጎታል። ከዚህም በላይ ፔብል አቅሙን ያውቅ ነበር። ስክሪኑ 144 በ168 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ፤ ለአንድ መተግበሪያ የተፈቀደው የሜሞሪ ቦታ 24 ኪሎባይት። በዚያ ጥበት ውስጥ ከንቱ ነገር መጻፍ አይቻልም። ባትሪውም እስከ ሰባት ቀን ይቆያል ተብሎ ነበር የተሸጠው።

ጸጥታ

ሁላችሁም ስለ ስክሪኑ ስታወሩ ቆያችሁ። እኔ መስማት ይከብደኛል። ስልኬ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲጠራ አላውቅም ነበር፤ እናቴ አምስት ጊዜ ደውላ፣ ተጨንቃ፣ በመጨረሻ ጎረቤት ትልክብኝ ነበር። የመጀመሪያውን ስማርት ሰዓት ያሰርኩ ዕለት አንጓዬ ነዘረ፣ አየሁ፣ የእሷ ስም ነው። መተግበሪያ አልጫንኩበትም። የጠዋት መቀስቀሻዬም እሱ ነው፤ ድሮ ከትራሴ ሥር ስልክ አድርጌ ነበር የምተኛው።

ወንድሜ፣ አንተም ስክሪኑን ትንሽ እርሳውና ንዝረቱን ሞክረው። አፕል ዎች ገና ከመጀመሪያው መንገድ ሲመራ ለቀኝና ለግራ መታጠፊያ የተለያየ መታ መታ ነበረው፤ ሳያዩ መታጠፍ ይቻላል። ግን ማሳወቂያ ሁሉ ይንዘር ካልክ በሁለተኛው ቀን አውልቀህ ትጥለዋለህ።

ጠያቂው

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ ሰዓት ሠሪው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መስመሩን በብርሃን አየሁት፣ አላበጠም። መተግበሪያዎቹን አጥፍቼ ሦስት አስቀረሁ። የሚነዝረው ስልክ ሲደወልና የቀጠሮ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 22 በመቶ ቀርቶት ነበር። ሳጥኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ መልእክት ሲመጣ ስልኬን አወጣለሁ። የሩጫውን ቁጥር ማሰሪያውን አጥብቄም ቢሆን አላመንኩትም፣ እንደ ሯጭ በአንገቴ እቆጥራለሁ። አሁን የቀረኝ ማሰሪያው ነው፣ ጫፉ ተሰንጥቋል። ማንኛውም የሰዓት ማሰሪያ ይገጥምለታል?

ሰዓት ሠሪው

ማሰሪያውን ፈትተህ በሁለቱ ቀንዶች (ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጫፎች) መካከል ያለውን ስፋት በሚሊሜትር ለካ። በቀጭን ብረት ዘንግ የተያዘ ከሆነ የተለመደው የሰዓት ማሰሪያ ይገጥማል። ተንሸራቶ የሚገባ ከሆነ ግን ለእሱ የተሠራውን ፈልግ፤ በሙጫ እንዳትሞክረው።