የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ዋጋና አርቢ ፍለጋ

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የእህል መጋዘን የሚጠብቅልኝ፣ የዘር ሐረጉ በወረቀት የተረጋገጠ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ለመግዛት አስቤ ብጠይቅ፣ ዋጋው ከሻጭ ሻጭ እጅግ ተራራቀብኝ። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣና ታማኝ አርቢ እንዴት እንደሚገኝ ብታስረዱኝ።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ወንድሜ፣ ዝርያው ለዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የተጋለጠ በመሆኑ፣ እናትና አባቱ ራጅ ተነስተው ጤንነታቸው የተረጋገጠ ቡችላ ቢወደድ አይግረምዎት። እናቲቱን ሳያሳይ ቀብድ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎት ይለፉት። ውሾቹን በወቅቱ የሚያስከትበውን አርቢ የሚያውቁት የእንስሳት ሐኪሞች ስለሆኑ፣ ፍለጋውን ከእነሱ ይጀምሩ።

መልስ (ከሞጣ)፦ ለመጋዘን ብቻ ከሆነ የአገራችን ውሻ ይበቃዎታል፤ ወረቀት ሌባ ላይ አይጮኽም። ከገዙ ግን 8 ሳምንት ያልሞላውን አይውሰዱ፤ 3 ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት።